ስልኩን ማስተማሪያ ማድረግ፦ የአእምሮ እድገት ውስንነት ላለባቸው አዋቂዎች

ድሬዳዋ ውስጥ የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ልጅ ያሳደገ ቤተሰብ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣበታል። ልጁ ትንሽ ሳለ የልዩ ፍላጎት ክፍል ይገባል። ፊደል ይቆጥራል፣ ጓደኛ ያፈራል። ከዚያ 18 ይሞላዋል፣ 20ን ያልፋል። እኩዮቹ ሥራ ይይዛሉ፣ ያገባሉ። እሱ ቬንትሌተር ሥር ቁጭ ብሎ ቴሌቪዥን ያያል። «ከእንግዲህ ምን ይማራል? ዕድሜውም ሄደ» ይባላል።

ዕድሜው አልሄደም። የአእምሮ እድገት ውስንነት ያለበት ሰው አዋቂ ሲሆን መማር አያቆምም። ቀስ ብሎ፣ በድግግሞሽ፣ በሚታይና በሚጨበጥ ነገር ይማራል። መብቱም ነው። ኢትዮጵያ በ2002 ዓ.ም. ያጸደቀችው የተባበሩት መንግሥታት የአካል ጉዳተኞች መብቶች ስምምነት፣ አንቀጽ 24 ላይ የአዋቂዎችን ትምህርትና የዕድሜ ልክ ትምህርትን ለይቶ ይጠቅሳል።

ይህን የምጽፈው አዋቂ ወንድም፣ እህት ወይም ልጅ ቤት ውስጥ ላላችሁ ነው። እኔም ከታናሽ ወንድሜ ጋር የምሠራው ይህንኑ ነው። ብዙ ሰው «የትኛውን አፕ ላውርድለት?» ብሎ ይጠይቀኛል። መልሴ ሁልጊዜ አንድ ነው፦ ከሁሉ የሚበልጠው በራሳችሁ ቤት፣ በራሳችሁ ዕቃ፣ እሱ በሚያውቀው ድምፅ የምትቀርጹት አጭር ቪዲዮ ነው። ምክንያቱም አንድ ቦታ የተማሩትን ሌላ ቦታ ወስዶ መሥራት ለእነዚህ ሰዎች ከባድ ነው። ዩቲዩብ ላይ ያለው ወጥ ቤት የእኛ ወጥ ቤት አይደለም። ምድጃው ሌላ ነው፣ የስኳሩ ዕቃ ሌላ ነው። ለእኛ ትንሽ የሚመስለው ልዩነት ለእሱ ሥራውን አዲስ ያደርግበታል።

ከስልኩ በፊት

መጀመሪያ እሱን ጠይቁት። ምን መማር ትፈልጋለህ? መናገር የሚከብደው ከሆነ ሦስት አራት ፎቶ አንስታችሁ ደርድሩለት፦ ሻይ ማፍላት፣ ልብስ ማጠብ፣ ሱቅ መላክ፣ ለዘመድ መደወል። ጣቱ የት ላይ እንዳረፈ እዩ። እናታችን ወንድሜ ልብስ ማጠፍ እንዲችል ትፈልግ ነበር። እሱ ግን የመረጠው ለእንግዳ ሻይ ማፍላት ነው። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ልብስ ማጠፍን ማንም አያይለትም፣ ሻይ ግን ሰው ፊት ይቀርባል። በእሱ ምርጫ ጀመርን።

ሁለተኛ፣ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። በተለይ ዳውን ሲንድረም ባለባቸው ሰዎች ላይ የመስማትና የማየት ችግር በብዛት አብሮ ይመጣል። የእንቅርት ዕጢ ሆርሞን ማነስም እንዲሁ ነው፤ ሰውየውን ፈዛዛና እንቅልፋም ያደርገዋል። «አይገባውም» የምንለው ሰው ምናልባት ስላልሰማ ይሆናል። ድል ጮራ ሆስፒታልም ሆነ ሌላ ጤና ተቋም ወስዳችሁ ይህን ሳታጣሩ ትምህርት አትጀምሩ።

ሦስተኛ፣ የሕፃን ነገር አትስጡት። የ28 ዓመት ሰው ፊት የካርቱን ጥንቸል ፊደል ስታስቆጥር ማየት ያሳዝነኛል። እሱም ይገባዋል፤ የሚሰማውን በቃል ባይነግራችሁም ስልኩን ገፋ ሲያደርገው ታያላችሁ። ትምህርቱ ቀላል ይሁን፣ ጉዳዩ ግን የአዋቂ ይሁን።

ስልኩን ማሰናዳት

ውድ ስልክ አያስፈልግም። ቪዲዮ የሚያጫውትና ባትሪው ግማሽ ቀን የሚቆይ ይበቃል። የሚቻል ከሆነ ግን የራሱ ስልክ ይሁን። የእናቱን ስልክ የሚዋስ ሰው ሁሌም ፈቃድ ጠያቂ ነው፤ ትምህርቱም እናቱ ስትወጣ አብሮ ይወጣል።

ሴቲንግ ውስጥ ገብታችሁ የምታስተካክሉት ይህን ነው። ዲስፕሌይ ላይ ፊደሉንና ምልክቶቹን አተልቁ። ስክሪኑ በ30 ሴኮንድ እንዳይጠፋ ወደ 5 ወይም 10 ደቂቃ አራዝሙት፤ ሥራ እየሠራ ሳለ ስክሪኑ ከጨለመበት ብዙ ሰው እዚያው ያቆማል። መክፈቻውን በጣት አሻራ አድርጉት። ቁጥር ማስታወስ ለጊዜው ይቅር።

ሳምሰንግ ከሆነ ዲስፕሌይ ውስጥ «ኢዚ ሞድ» የሚል አለ። እሱን ስታበሩት ምልክቶቹ ትልልቅ ይሆናሉ፣ የፊተኛው ገጽም ይቀላል። አይፎን ከሆነ ደግሞ አፕል በ2023 (እ.ኤ.አ.) ከአይኦኤስ 17 ጋር ያወጣው «አሲስቲቭ አክሰስ» አክሰሰቢሊቲ ውስጥ ይገኛል። ከመነሻው ለመረዳት ለሚከብዳቸው ሰዎች ተብሎ የተሠራ ነው። ስልክ መደወያ፣ መልእክት፣ ካሜራና ፎቶ በትልልቅ ሥዕል ይቀርባሉ፣ ሌላው ይደበቃል። ቴክኖና ሌሎች አንድሮይድ ስልኮች ላይ በእጅ ታደርጉታላችሁ፦ ከፊተኛው ገጽ ላይ ሁሉንም አንስታችሁ አራት አምስት ነገር ብቻ አስቀሩ።

ከአራቱ አንዱ የሰው ፊት ይሁን። አንድሮይድ ላይ ባዶውን ቦታ ተጭናችሁ ስትቆዩ ዊጅት የሚል ይመጣል፤ እዚያ ውስጥ «ዳይሬክት ዳያል» አለ። የእናቱን ፎቶ ስልክ ቁጥሯ ላይ አስገብታችሁ ፊተኛው ገጽ ላይ ስትተክሉት፣ ፊቷን ሲነካ ይደውላል። ማንበብ የለ፣ መፈለግ የለ።

ሌላም ጠቃሚ ነገር አለ፤ «አፕ ፒኒንግ» ይባላል፣ ሴኪዩሪቲ ውስጥ ይገኛል። የከፈታችሁት አፕ ላይ ስልኩን ይቆልፈዋል፤ በስህተት ወደ ሌላ አይወጣም። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጥሩ ነው። ከለመደ በኋላ አንሱለት፤ በራሱ ስልክ ታስሮ መኖር የለበትም።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር ልጨምር። ስልኩ 07:00 ሲል ቤቱ «1 ሰዓት ነው» ይላል። ይህ ልዩነት እኛን አያደናግረንም፣ እሱን ግን በጣም ያደናግረዋል። ስለዚህ አላርም ስትሞሉ ቁጥሩን ተዉትና ድምፃችሁን ቅረጹ፦ «ተነስ፣ ቁርስ ደርሷል»። ብዙ የአንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው የሰዓት አፕ የራሳችሁን ድምፅ እንደ አላርም ድምፅ ይቀበላል።

ሥራውን መበተን

«ሻይ አፍላ» ለእኛ አንድ ሥራ ነው። ለእሱ ግን ስምንት ወይም አሥር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ እናንተ ራሳችሁ ሥሩት፣ እያንዳንዷን የእጅ እንቅስቃሴ ጻፉ። የእኛ ቤት እንዲህ ሆነ፦

1. ብራዱን እስከ ቀዩ መስመር ውኃ ሙላ።
2. ምድጃው ላይ አስቀምጥ፣ ማብሪያውን አዙር።
3. እስኪንተከተክ ጠብቅ።
4. አንድ ማንኪያ ሻይ ቅጠልና አንድ ቀረፋ ጨምር።
5. ምድጃውን አጥፋ።
6. በማጥለያ ወደ ብርጭቆ ቅዳ።
7. ሁለት ማንኪያ ስኳር ጨምረህ አማስል።
8. በትሪ ይዘህ ለእንግዳው ስጥ።

ቀዩ መስመር ምንድን ነው? የእህታችን የጥፍር ቀለም ነው። ብራዱ ውስጥ ውኃው ሊደርስ የሚገባው ቦታ ላይ ሰረዝ አደረግንበት። «ትንሽ ውኃ»፣ «በቂ ውኃ» የሚባል ነገር ለእሱ ትርጉም የለውም። መስመር ግን ይታያል። ምድጃው ማብሪያ ላይም እንዲሁ ሁለት ነጥብ አለ፦ አረንጓዴ ሲበራ፣ ቀይ ሲጠፋ። ከመቅረጻችሁ በፊት ዕቃውን እንዲህ አሰናዱ። ብዙ ጊዜ ትምህርቱን የሚያከብደው ሥራው ሳይሆን ዕቃው ነው።

እርምጃዎቹ ከ10 አይብለጡ። የበለጡ እንደሆነ ሥራውን ለሁለት ክፈሉት። ቁጥሩ 10 የሆነበት ሌላም ምክንያት አለው፣ ቴሌግራም ላይ ስንደርስ ታዩታላችሁ።

መቅረጽ

ጠዋት ቅረጹ፣ ፀሐዩ ሳይበረታ። አንደኛ ብርሃኑ ለስላሳ ነው። ሁለተኛ ደግሞ ቬንትሌተሩን ማጥፋት ትችላላችሁ። ድሬዳዋ ውስጥ በተቀረጹ ቪዲዮዎች ሁሉ ጀርባ ላይ የሚሰማው ጩኸት የቬንትሌተር ነው፤ ለማዳመጥ የሚቸገር ሰው ደግሞ ድምፅ ከድምፅ መለየት ይከብደዋል። መስኮቱ ከጀርባችሁ ይሁን፣ ብርሃኑ ዕቃው ላይ ይውደቅ።

ስልኩን በትከሻ በኩል ያዙት፤ የሚታየው እሱ ራሱ ሲሠራ በገዛ ዓይኑ የሚያየው ይሁን፦ እጅ፣ ብራድ፣ ምድጃ። ፊታችሁ አያስፈልግም። ሙዚቃ አትጨምሩ። ጌጥ አትጨምሩ። ለእያንዳንዱ እርምጃ አንድ ቪዲዮ፣ ከ10 እስከ 20 ሴኮንድ፣ አንድ ዓረፍተ ነገር። «ሁለት። ብራዱን ምድጃው ላይ አስቀምጥ።» አበቃ። «እንግዲህ አሁን ደግሞ ምን እናደርጋለን መሰለህ» የሚለውን ሁሉ አስቀሩት።

በየትኛው ቋንቋ? ቤት ውስጥ በምትናገሩት። ድሬ ነው ያለነው፤ አማርኛው ውስጥ ኦሮምኛ፣ ሶማሊኛ፣ ሐረሪ ይገባል። እሱ ትሪውን በሌላ ቋንቋ የሚጠራው ከሆነ እናንተም በዚያው ጥሩት። «ትክክለኛ አማርኛ» ለማስተማር ጊዜው አይደለም።

ድምፁ የሚወደው ሰው ድምፅ ይሁን። ወንድሜ የእኔን ድምፅ አልወደደውም፣ «አቦ ተወኝ» ይለኝ ነበር። አክስታችን ስትናገር ግን ዝም ብሎ ያዳምጣል። ስለዚህ ቀራጩ እኔ፣ ተናጋሪዋ እሷ ሆነች።

ከመቅረጻችሁ በፊት አስፈቅዱት። እሱ የሚታይበት ከሆነ ደግሞ ማን እንደሚያየው ንገሩት። ይህን አጥብቄ ነው የምለው፦ ቪዲዮውን ቲክቶክ ላይ አትልቀቁ። ወጥ ቤት ውስጥ ሲሳሳት ከተማው ሁሉ እንዲያየው የሚፈልግ አዋቂ የለም።

ቴሌግራም ላይ ማስቀመጥ

ቴሌግራም የመረጥኩት ብዙ ሰው ስላለው ብቻ አይደለም። ማስታወቂያ ቪዲዮው መሃል አይገባም። የተጫነው ነገር ስልኩ ቢሰበር ወይም ቢጠፋ አይጠፋም፤ በሌላ ስልክ ስትገቡ ቁጭ ብሎ ታገኙታላችሁ።

በእናንተ ስልክ «ኒው ቻናል» ብላችሁ አዲስ ቻናል ክፈቱ። ፕራይቬት ይሁን። ተራ ቻት ለምን አይሆንም? ቻት ላይ እሱም መልእክት መሰረዝ ይችላል፣ ሌላ መልእክት እየገባም ቪዲዮው ወደ ላይ ይሸሻል። ቻናል ላይ ግን ተመልካቹ ምንም መሰረዝ አይችልም። ቢበዛ በስህተት ከቻናሉ ይወጣል፣ መልሳችሁ ታስገቡታላችሁ።

አንድ ሙያ፣ አንድ ቻናል። የቻናሉ ስም «ሻይ»፣ ፎቶው የራሳችሁ ብራድ። ስምንቱን ቪዲዮዎች በአንድ ጊዜ በቅደም ተከተል መርጣችሁ ላኩ። ቴሌግራም እስከ 10 ቪዲዮ በአንድ ላይ አቅፎ ይልካል፤ የመጀመሪያውን ሲነካ ይከፈታል፣ በጣቱ ገፋ ሲያደርግ ሁለተኛው ይመጣል። ቅድም ከ10 አይብለጥ ያልኩት ለዚህ ነው። ከዚያ በኋላ ቻናሉ ላይ ሌላ ምንም አትጨምሩ። «እንኳን አደረሳችሁ» እንኳን ቢሆን።

ቀጥሎ እሱን ቻናሉ ውስጥ አስገቡት፣ በእሱ ስልክም ቻናሉን ክፈቱ፣ ስሙን ነክታችሁ ሦስቱ ነጥቦች ውስጥ ግቡና ወደ ፊተኛው ገጽ የሚጨምረውን ምረጡ። አሁን የብራዱ ፎቶ ከእናቱ ፎቶ ጎን ተቀመጠ። ማንበብ የማይችል ሰው ብራዱን ይነካል፣ ትምህርቱ ይከፈታል። ይህን ያየሁ ቀን እንዴት ደስ እንዳለኝ!

ዳታ እንዳይበላ ሁለት ነገር አድርጉ። ስትልኩ ጥራቱን ዝቅ አድርጉት፣ 480 ይበቃል። አንድ ደቂቃ ቪዲዮ በ1080 ሲቀረጽ ከ100 ሜጋባይት ሊያልፍ ይችላል። ከዚያ በእሱ ቴሌግራም ሴቲንግ፣ ዳታ ኤንድ ስቶሬጅ ውስጥ፣ የወረዱ ቪዲዮዎች ከጥቂት ቀን በኋላ በራሳቸው እንዳይጠፉ አድርጉ። አንዴ ከወረደ ያለ ኔትወርክም ይከፈታል፤ ካርድ ባለቀ ቁጥር ትምህርት አይቋረጥም።

ማስተማሩ

የመጀመሪያው ቀን ከመጨረሻው እርምጃ ጀምሩ። አንድ እስከ ሰባት ያለውን እናንተ ሥሩ። እሱ ስምንተኛውን ቪዲዮ ይይ፣ ትሪውን ይዞ ለእንግዳው ይስጥ። እንግዳው «ተባረክ! እጅህ ይባረክ!» ይላል። በመጀመሪያው ቀን ሥራውን ጨርሶ ምርቃት ተቀበለ ማለት ነው። ስምንተኛው ሲለመድ ሰባተኛውን ጨምሩ፣ ከዚያ ስድስተኛውን። ከፊት ብትጀምሩ ግን በየቀኑ መሃል ላይ ደክሞት ያቆማል፣ የሻይ መጨረሻ ሳያይ ይከርማል። ትኩስ ውኃ ያለባቸው ስድስተኛ፣ አምስተኛና አራተኛ ላይ ስትደርሱ ከጎኑ አትራቁ። መጀመሪያ በቀዝቃዛ ውኃ ይለማመድ።

አካሄዱ ሁልጊዜ ይኸው ነው፦ አንዱን ቪዲዮ ያያል፣ ስልኩን ያስቀምጣል፣ ይሠራል፣ ወደ ቀጣዩ ይገፋል።

እናንተ የት ናችሁ? ከኋላው። ቆም ሲል ወዲያው አትናገሩ። በሆዳችሁ እስከ አምስት ቁጠሩ፤ የሚሰማውን ወደ ሥራ ለመቀየር ጊዜ ይፈልጋል። አምስት ሞልቶ ካልተንቀሳቀሰ በጣታችሁ ጠቁሙ። ወደ ብራዱ አይደለም፣ ወደ ስልኩ። ይህች ትንሽ ነገር ትልቅ ልዩነት አላት። ወደ ብራዱ ስትጠቁሙ እናንተን መጠበቅ ይለምዳል። ወደ ስልኩ ስትጠቁሙ «ሲጠፋኝ እዚህ አያለሁ» ማለትን ይለምዳል። እናንተ ቤት በሌላችሁበት ቀን የሚያዋጣው ሁለተኛው ነው። ይህም ካልሠራ በቃል ንገሩት፣ በቃልም ካልሆነ እጁን ደገፍ አድርጉ። በማግስቱ ደግሞ እርዳታውን አንድ ደረጃ ቀንሱ።

ሲሳሳት «አይደለም!» ብላችሁ አትጩሁ። ቪዲዮውን መልሱና እንደገና ይይ። ሲሠራም እንደ ሕፃን አታጨብጭቡለት። «ሻዩ ጥሩ ነው፣ ድገመኝ» በሉት። ሻይ ላፈላ ሰው የሚገባው ምስጋና ይህ ነው።

በየቀኑ፣ በተመሳሳይ ሰዓት፣ 15 ደቂቃ። በሳምንት አንዴ ሁለት ሰዓት ከመያዝ ይህ ይሻላል። ድሬ ላይ ከ6 ሰዓት እስከ 10 ሰዓት ያለው ሙቀት ለማንም አይመችም፤ ጠዋት ወይም ከ11 ሰዓት በኋላ አድርጉት። ፍሪጁ ላይ ወረቀት ለጥፉና ያለ እርዳታ በሠራው እርምጃ ላይ ምልክት አድርጉ፤ ምልክቱን እሱ ራሱ ቢያደርግ ደግሞ ይሻላል። ሦስት ቀን ተከታትሎ ብቻውን ከሠራ ያ እርምጃ ተለምዷል።

ከኢንተርኔት የሚገኘው

ይህ ማለት ሌላው አይጠቅምም ማለት አይደለም። ዩቲዩብ ላይ በአማርኛ የምግብ አሠራርና የፀጉር ሥራ የሚያሳዩ ብዙ አሉ፤ ፍላጎት ለመቀስቀስ ጥሩ ናቸው። ፍጥነቱን ወደ 0.75 ዝቅ አድርጉለት። ቀጣዩን ቪዲዮ በራሱ የሚከፍተውን አውቶፕሌይን አጥፉ፤ አለበለዚያ ከሽሮ ተነስቶ የት እንደሚደርስ አይታወቅም። መጻፍ የማይችል ከሆነ ማይኩን ተጭኖ በአማርኛ ይናገር፤ ጎግል ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ አማርኛ ንግግር ይቀበላል። ንግግሩ ጥርት ካላለ ግን ላይረዳው ይችላል፤ ያኔ የተመረጡትን እናንተ አስቀምጡለት።

ሥዕል ከፈለጋችሁ «አራሳክ» የሚባል አለ። የስፔን አራጎን ክልል መንግሥት የሚያዘጋጀው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ቀላል የሥዕል ምልክቶችን በነፃ የሚሰጥ ገጽ ነው። መሸጥ አይፈቀድም እንጂ ለትምህርት ማተም ይቻላል። እጥበት፣ ብሩሽ፣ መድኃኒት፣ ሁሉም አለው። አትማችሁ ግድግዳ ላይ ለጥፉ። ንግግር ለሚቸግረው ደግሞ «ሲቦርድ» የሚባለውን ሞክሩ። ነፃ ነው፣ ሥዕሉን ሲነካ ስልኩ ይናገራል። የራሳችሁን ድምፅ መቅዳት ስለሚቻል በአማርኛ ታደርጉታላችሁ።

ሰፈር ውስጥ ሌሎች ቤተሰቦች ካሉ በሳምንት አንድ ቀን በቪዲዮ ተገናኙ። ነፃው ዙም 40 ደቂቃ ይሰጣል፤ ለአራት ሰው ከበቂ በላይ ነው። እያንዳንዱ በሳምንቱ የሠራውን ያሳይ። እዚህ ላይ ከትምህርቱ ይልቅ ጓደኝነቱ ነው የሚበልጠው፤ ከትምህርት ቤት ከወጡ በኋላ መጀመሪያ የሚያጡት እሱን ነውና።

ገንዘብና መንገድ

የሻዩ ትምህርት ሲያልቅ ሁለተኛው ቻናል ብዙ ጊዜ ሱቅ ይሆናል። መልስ መቁጠር አታስተምሩ፤ እሱ ኋላ ይደርሳል። ከዋጋው ከፍ ያለውን ኖት መስጠት አስተምሩ። 35 ብር ከተባለ 50 ይሰጣል። 80 ከተባለ 100። የ10፣ የ50፣ የ100 እና የ200 ብር ኖቶችን ፎቶ አንስታችሁ ቻናሉ ላይ አድርጉ፤ ቀለማቸው ስለሚለያይ መለየቱ አይከብድም። መጀመሪያ ከሚያውቃችሁ ባለሱቅ ጋር ይለማመድ። ቴሌብርና ኤም-ፔሳ ይቆይ፤ በእጁ የያዘውን ብር ሳያውቅ የማይታይ ብር ማስተማር አይሆንም።

መንገድም በቪዲዮ ይማራል። ከሳቢያን ሰፈር ወደ ከዚራ ሰፈር ለመሄድ ባጃጅ የሚይዝበትን ቦታ፣ ለሾፌሩ የሚለውን፣ የሚወርድበትን ምልክት ቅረጹ። መጀመሪያ አብራችሁት ሂዱ፣ ቀጥሎ አሥር እርምጃ ከኋላው፣ ከዚያ እዚያው ጠብቁት። ቴሌግራም ላይ ያለበትን ቦታ ለ8 ሰዓት ማጋራት ይቻላል፤ እሱ ተስማምቶ ይሁን። ኪሱ ውስጥም ስልክ ቁጥር ያለበት ካርድ ይኑር፤ ባትሪ ያልቃል።

ከተማዋን አቋርጦ የሚያልፈውን የደቻቱን ወንዝ በተመለከተ አንድ ሕግ ብቻ ይኑር፦ ሁሌም በድልድይ። አሸዋው ደረቅ ሆኖ ሰው ሁሉ በመሃሉ ሲያቋርጥ ቢያይም በድልድይ። ሐምሌ 30 ቀን 1998 ሌሊት የመጣውን ጎርፍና ከ200 በላይ ሰው መሞቱን እኛ አንረሳም። ውኃው የሚመጣው ከላይ ከሐረርጌ ደጋ ነው፤ ከተማዋ ላይ ጠብ ሳይል ሊደርስ ይችላል። «ሰማዩን አይተህ ወስን» ለእሱ አስቸጋሪ ነው። «ሁሌም ድልድይ» ግን ይያዛል።

ከአታላይ መጠበቅ

ስልክ የሰጣችሁት ሰው ሰው ያምናል። ስለዚህ ቴሌግራም ሴቲንግ፣ ፕራይቬሲ ውስጥ ግቡና ማን ይደውልለት፣ ማን ግሩፕ ውስጥ ያስገባው የሚሉትን «ማይ ኮንታክትስ» ላይ አድርጉ። ስልክ ቁጥሩ ለማንም አይታይ። ዩቲዩብ ላይ መጥፎ ቪዲዮ የሚያጣራውን «ሪስትሪክትድ ሞድ» አብሩ።

ይህ ግን ብቻውን አይበቃም። አንድ ነገር በቃሉ ይያዝ፦ «ብር፣ ኮድ ወይም ፎቶ ከጠየቁህ ዝጋውና ለእኔ አሳየኝ»። ከዚያ ተለማመዱት። ጎረቤት በማያውቀው ቁጥር ይደውልና «ሽልማት ወጥቶልሃል፣ ኮዱን ንገረኝ» ይበለው። ከዘጋ አመስግኑት። ከተናገረ አትቆጡት፤ ቁጣ የሚያስተምረው መደበቅን ነው። ሌላ ቀን ድገሙት።

ሙቀትና መብራት

አፕል ስልኮቹ ከ0 እስከ 35 ዲግሪ ባለ ሙቀት ውስጥ እንዲሠሩ ነው የሚመክረው። ግንቦትና ሰኔ ላይ የእኛ ቀትር እዚያ ይደርሳል። ስልኩን መስኮት ሥርና ምድጃ አጠገብ አትተዉ፣ ቻርጅ ላይ ሆኖም አይጠቀምበት። ከጋለ ሽፋኑን አውልቃችሁ ጥላ ውስጥ አስቀምጡት፤ ፍሪጅ ውስጥ አይገባም።

መብራት ሲጠፋ ኤሌክትሪክ ምድጃው አይሠራም፣ ሻዩም ከሰል ላይ ይፈላል። ይህን እሱ እንዲገምት አትጠብቁ። ከሰል ማያያዝና መስኮት መክፈት ያለበት ሌላ ሥራ ስለሆነ ሌላ ቻናል ይፈልጋል። ፎቶው የከሰል ምድጃው ይሁን፣ ቪዲዮው እንደ አዲስ ይቀረጽ፣ ትምህርቱም እንደገና ከመጨረሻው እርምጃ ይጀምር። ይህኛው ግን ቶሎ ይሄዳል፤ ማጥለያውን፣ ስኳሩንና ትሪውን አስቀድሞ ያውቃቸዋልና።